ልጄን ከኦርኬስትራ ያስወጣሁበት ዓመት

ይህን የምጽፈው አሜሪካ ልጅ ለምታሳድጉ ሐበሻ ወላጆች ነው። ልጃችሁ «ኦርኬስትራ ልግባ» ብሎ ወረቀት ይዞ ከመጣ፣ ወይም ገብቶ «ትምህርቱን ተሻማበት» ብላችሁ ልታስወጡት እያሰባችሁ ከሆነ አስር ደቂቃ ስጡኝ። እኔ ልጄን አስወጥቻት ነበር። የመለሷት መምህሯ ናቸው። እሳቸው ባለፈው የካቲት አረፉ። ስማቸውን አልጠራም፤ ቤተሰባቸው ስማቸው በየቦታው እንዲነሳ አይፈልጉም፣ እሳቸውም በሕይወት እያሉ እንደዚያው ነበሩ። የሠሩትን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ነው። ያኔ እኔ ዲሲ መሀል ከተማ ፓርኪንግ ውስጥ ሌሊት እሠራለሁ፣ ባለቤቴ ቀን ነርሲንግ ሆም ትገባለች። በር ላይ ተገናኝተን የመኪና ቁልፍ የምንቀባበልበት ጊዜ ነበር። ልጃችን ስድስተኛ ክፍል ስትገባ ወረቀት ይዛ መጣች። ባንድ፣ ኦርኬስትራ ወይም ኳየር ምረጡ ይላል። እሷ ኦርኬስትራ ላይ ምልክት አድርጋ ከሥሩ «ቫዮሊን» ብላ ጽፋለች። ሳላነብ ፈረምኩ።

የመጀመሪያው ስህተቴ ቫዮሊኑን የገዛሁበት መንገድ ነው። ኦንላይን ፈልጌ በ65 ዶላር አዘዝኩ። ሲመጣ ያብረቀርቃል፣ ቦርሳው ያምራል፣ ደስ ብሎኛል። ልጅቷ ግን በየቀኑ ፊቷን ጨፍግጋ ትመለሳለች። መቃኛዎቹ አይይዙም፤ ተቃኝቶ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ክሮቹ ወዲያው ይላላሉ። በሁለተኛው ሳምንት መምህሩ የትምህርት ቤቱን ቫዮሊን አውሰው ላኩላት፣ የኔንም በክብር ቦርሳው ውስጥ መለሱት። መጀመሪያ ቅር አለኝ፣ የገዛሁትን የናቁብኝ መሰለኝ። ልጄ የነገሯትን ስትነግረኝ ግን ዝም አልኩ። «እቃው ነው እምቢ ያለው። ልጅ ግን እቃው መሆኑን አያውቅም፣ እኔ ነኝ የማልችለው ብሎ ያስባል» ብለዋታል።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት መጀመሪያ ትምህርት ቤቱን ጠይቁ። ብዙ ትምህርት ቤቶች የሚያውሱት መሣሪያ አላቸው፣ ግን ካልጠየቃችሁ ማንም አይነግራችሁም። ልጃችሁ በነጻ ወይም በቅናሽ ምሳ የሚበላ ከሆነ ይህንንም ንገሯቸው፣ ብዙ ጊዜ ክፍያ ይነሳል ወይም ይቀነሳል። ከሌላቸው ከሙዚቃ ሱቅ ተከራዩ። እኛ በኋላ የተከራየነው በወር 24 ዶላር ነበር፣ ኢንሹራንሱ ትንሽ ይጨመርበታል። ኢንሹራንሱን አትዝለሉት። ልጅ ሲያድግ መጠኑን ይቀይሩላችኋል፣ በብዙ ሱቅ ደግሞ የከፈላችሁት ኪራይ ለመግዛት ስትወስኑ ይታሰብላችኋል።

መጠን ስል፣ ቫዮሊን ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት አራተኛና ሙሉ እየተባለ ይሠራል። ልጁ ግራ እጁን ዘርግቶ፣ ቫዮሊኑ አንገቱ ሥር ተቀምጦ፣ የመሣሪያውን ጥምዝ ጫፍ መዳፉ ውስጥ ማቀፍ መቻል አለበት፤ ክርኑም ትንሽ እጥፍ ማለት አለበት። «ያድግበታል» ብላችሁ ትልቅ አትውሰዱ። በትልቅ መሣሪያ የጀመረ ልጅ ትከሻውን ያመዋል፣ ጣቱም ቦታውን ይስታል።

እና ደግሞ መኪና ውስጥ አትተዉት። በሐምሌ ሙቀት የእንጨቱ ማጣበቂያ ይለቃል፣ በጥር ብርድ እንጨቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። ተጫውቶ ሲጨርስ ደጋኑን ያላላ፣ ክሮቹ ላይ የተረፈውን ሮዚን፣ ያ ነጩ የሙጫ ዱቄት፣ በደረቅ ጨርቅ ይጥረግ። ይህን ሁሉ መምህሩ ለልጆቹ እንደ ጸሎት አስደግመዋቸዋል። ደጋኑን ሳያላላ ቦርሳ የዘጋ ልጅ ካለ ሁሉም ቆመው ይጠብቁታል።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። እኔ ቀን እተኛለሁ፣ እሷ ከሰዓት በኋላ ትለማመዳለች። የጀማሪ ቫዮሊን ድምፅ ምን እንደሚመስል ያለፈበት ያውቃል። አንድ ቀን ከእንቅልፌ ተነስቼ ጮህኩባት። በማግስቱ ቦርሳዋ ውስጥ ትንሽ ጥቁር ጎማ ይዛ መጣች። ድልድዩ ላይ፣ ማለትም ክሮቹ የሚያርፉባት ቀጭን እንጨት ላይ ሲሰካ ድምፁን ያፍነዋል። መምህሩ ናቸው የሰጧት። «አባትሽ ደክመው ነው የሚተኙት፣ እሳቸውም ይተኙ አንቺም ተለማመጂ» ብለው። ጥቂት ዶላር የማይሞላ እቃ ነው፣ አፓርታማ ለምትኖሩ በጣም ይጠቅማችኋል። የልምምዱን ነገር ደግሞ እንዲህ ነበር የሚሉት፦ በየቀኑ አስራ አምስት ደቂቃ፣ እሁድ ቁጭ ብሎ ከሚታገሉት ሁለት ሰዓት ይበልጣል።

ኮንሰርት የሚባለውን ነገር አላወቅኩበትም። በመስከረም የተሰጠን ወረቀት ላይ የዓመቱ ኮንሰርቶች ቀንና ሰዓት ተጽፎ ነበር። አላነበብኩም። በታኅሣሥ ወር አንድ ማታ ልጅቷ ነጭ ሸሚዝ በጥቁር ሱሪ ለብሳ ሶፋ ላይ ጠበቀችኝ፣ እኔ ኦቨርታይም ገብቼ ነበር፣ ባለቤቴም መኪና አልነበራትም። ቀረች። ኮንሰርት ለካ ማርክ አለው። በግልጽ ልንገራችሁ፣ ልክ እንደ ፈተና ነው። መስከረም ላይ ቀኑን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፣ ለአለቃችሁም ያኔውኑ ተናገሩ። መኪና ከሌላችሁ ለመምህሩ ንገሩ። በኋላ እንደሰማሁት፣ መምህሩ ለዚህ ብለው የትኛው ወላጅ በየት በኩል እንደሚያልፍ በደብተር ይዘው ነበር።

ሰባተኛ ክፍል ላይ ሒሳቧ ወረደ። ሪፖርት ካርዱ ሲመጣ ዲ አየሁ። ለሊቱን ሙሉ ፓርኪንግ ሳጥኑ ውስጥ ተቀምጬ አሰብኩበት። ጠዋት ገብቼ «ከነገ ጀምሮ ኦርኬስትራ የለም፣ በዚያ ሰዓት የሒሳብ ድጋፍ ክፍል ትገቢያለሽ» አልኳት። አለቀሰች። እኔ ጎንደር ያደግኩ ሰው ነኝ። ቤታችን አጠገብ አዝማሪ ሲያልፍ እንወዳለን፣ እንሸልማለን፣ ግን «ልጄ አዝማሪ ይሁንልኝ» ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። አባቴ ይህን ቃል እንደ ስድብ ነበር የሚጠቀምበት። እኔም ያንኑ ቃል አወጣሁ። «አሜሪካ ድረስ የመጣሁት አዝማሪ ላሳድግ ነው?» አልኳት።

«አዝማሪ ምንድነው፣ አባዬ?» አለችኝ።

መልስ አልሰጠኋትም።

ከዚህ የባሰውን ደግሞ ልንገራችሁ። እንግሊዝኛዬ ለሥራ ይበቃል፣ ለስብሰባ ግን አይበቃም። ስለዚህ ካውንስለሯ ጋ ስሄድ አስተርጓሚዬ ራሷ ልጄ ነበረች። «ከኦርኬስትራ አስወጧት» የሚለውን የኔን ቃል፣ እንባዋን እየዋጠች፣ በእንግሊዝኛ ስለራሷ ተናገረች። አስራ ሁለት ዓመቷ ነበር። እባካችሁ ልጃችሁን አታስተርጉሙ። ትምህርት ቤት እናንተ በሚገባችሁ ቋንቋ የማናገር ግዴታ በሕግ አለበት፣ አስተርጓሚ ስትጠይቁ አትከፍሉም። ሞንጎመሪ ካውንቲ ውስጥ አማርኛ ትምህርት ቤቶቹ ከሚተረጉሙባቸው ዋና ዋና ቋንቋዎች አንዱ ነው። ዲሲም እንዲሁ። «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት ብቻ ይበቃል። እኔ ይህን ያወቅኩት ከረፈደ ነው።

መምህሩ ደወሉ። አላነሳሁም። ቮይስሜይል ተዉ፣ ግማሹ አልገባኝም። ደብዳቤ ላኩ፣ ፍሪጅ ላይ ለጠፍኩት። በመካከሉ ሁለት ወር አለፈ፣ ሒሳቡ አልተሻሻለም። እንዲያውም ሌሎቹም ወረዱ። ልጅቷ ከትምህርት ቤት መጥታ ክፍሏን ትዘጋለች። እናቷ ምግብ ታስገባላታለች፣ እንዳለ ይወጣል።

አንድ ቅዳሜ እራት ላይ ግራ እጇን ዘርግታ የጣቶቿን ጫፍ እያሸች አየኋት። «አመመሽ?» አልኳት። «አይ፣ እየለሰለሰ ነው» አለችኝ። ቫዮሊን የሚጫወት ሰው የግራ እጁ አራት ጣቶች ጫፍ ክሩን ከመጫን ብዛት ይደነድናል። እሷም አንድ ዓመት ተኩል ፈጅቶባት ያወጣችው ነው። አሁን እየጠፋ ነበር፣ እሷም በየቀኑ እየነካች ትለካዋለች። ጣቷን ይዤ ዳሰስኩት። የጠቋሚ ጣቷ ጫፍ ላይ ገና ትንሽ ሻካራ ነገር ቀርቶ ነበር። የዚያን ዕለት ሌሊት ሥራ ላይ ሆኜ የቮይስሜይሉን መልእክት አንድ የሥራ ባልደረባዬ እንዲያዳምጥልኝ ሰጠሁት። «ልጅዎን ለማስመለስ አይደለም የደወልኩት፣ እንዴት ልርዳት ብዬ ልጠይቅዎት ነው» ነበር የሚለው።

ቀጠሮው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሆነ። ሌሊት እንደምሠራ ስላወቁ ከሥራ ስወጣ እንዲሆን ያደረጉት እሳቸው ናቸው። አስተርጓሚዋ የሐበሻ ሴት ነበረች። ክፍላቸው ገባሁ። ግድግዳው በሙሉ የቼሎ (ቁጭ ብለው በጉልበት መሀል ይዘው የሚጫወቱት) እና የቪዮላ (ከቫዮሊን ትንሽ ተለቅ የሚለው) መደርደሪያ ነው፣ ጥግ ላይ የእንጨት ማጣበቂያ፣ የተበጠሱ ክሮች፣ ፀጉሩ የተነቀለ ደጋን የተደረደረበት ጠረጴዛ አለ። መሣሪያ የሚጠግኑት ራሳቸው ናቸው። ወደ ስድሳ የሚጠጉ፣ ቀጠን ያሉ፣ እጅጌያቸውን የጠቀለሉ ሰው።

ስለ ሒሳብ ይወቅሱኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን ደብተር አወጡ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ አለው። በልጄ ገጽ ላይ የክንዷ ርዝመት በየጊዜው የተለካበት፣ የትኛው ጣቷ እንደሚሰንፍ፣ ከማን ጎን ስትቀመጥ እንደሚሻላት ተጽፏል። ከዚያም እየጠዋቱ ቀድማ መጥታ የአዳዲሶቹን ልጆች ቫዮሊን ትቃኝላቸው እንደነበር፣ ምሳዋንም እዚያው ክፍል ትበላ እንደነበር ነገሩኝ። አላውቅም ነበር። «እዚህ ክፍል ማንም ብቻውን ምሳ አይበላም» አሉኝ። «በ31 ዓመት ሙዚቀኛ የሆኑልኝ በጣት ይቆጠራሉ። ለዚያ ብዬ አይደለም የምመጣው።»

እኔ ከኦርኬስትራ ሳስወጣት ምሳ የምትበላበትን ቦታ ነው የወሰድኩባት። ጓደኞቿን ነው የወሰድኩባት። ለሒሳብ አገኘኋት ያልኩት ሰዓት በሙሉ በዚያ ጠፋ።

መፍትሔው ቀላል ነበር። ትመለሳለች፣ ማክሰኞና ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ እዚያው ክፍል ውስጥ አንድ የስምንተኛ ክፍል ቼሎ ተጫዋች ሒሳብ ያስጠናታል። በዓመቱ መጨረሻ ሒሳቧ ቢ ሆነ። ልጃችሁ አንድ ትምህርት ላይ ከደከመ፣ የሚወደውን ነገር ከመንጠቃችሁ በፊት የሚወደውን መምህር አማክሩ። ብዙ ጊዜ መፍትሔው እዚያ ነው ያለው።

ልሄድ ስነሳ «እርስዎ ልጅ ሆነው ምን ዓይነት ሙዚቃ ይሰሙ ነበር?» አሉኝ። ማሲንቆ አልኩ። «ትንሽ ያንጎራጉሩልኝ» አሉ። አፈርኩ። አስተርጓሚዋ «ኧረ ይበሉ» አለችኝ። ትዝታ አንጎራጎርኩላቸው፣ ያን የቆየውን፣ እናቴ ቡና ስትቆላ የምታንጎራጉረውን። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ፣ ከዚያ ቫዮሊን አንስተው ኖታዎቹን አንድ በአንድ ፈለጓቸው። አምስት ናቸው። ሬ፣ ሚ፣ ፋ ዲየዝ (ግማሽ ድምፅ ከፍ ያለው ፋ)፣ ላ፣ ሲ። ፊታቸው በራ። ለካ ሬ እና ላ ምንም ጣት ሳይጫን ክሩ ብቻውን የሚሰጠው ድምፅ ነው። ሚ እና ሲ አንደኛ ጣት፣ ፋ ዲየዝ ሁለተኛ ጣት። «ይህን የመጀመሪያ ዓመት ልጅ በጥር ወር መጫወት ይችላል!» አሉ። እኔ ስንት ዘመን የሰማሁት ዜማ የአንድ ጀማሪ ልጅ ሁለት ጣት ውስጥ እንደሚገባ ያን ቀን አወቅኩ።

ከሳምንት በኋላ ለኦርኬስትራው ጽፈው ጠሩኝ። የመጀመሪያውን ስሰማ ደስ አላለኝም። ከአምስቱ ውጭ የሆኑ ኖታዎች ከሥር አስገብተውበታል፣ ፍጥነቱም ዘመቻ ይመስላል። ፈራ ተባ እያልኩ «ተዘፈነ እንጂ አልተከዘም» አልኳቸው። አስተርጓሚዋ ይህን እንዴት እንደተረጎመችው አላውቅም፣ እሳቸው ግን እርሳስ አንስተው ከሥር ያለውን ሁሉ ሰረዙት። ኮንትራባሱ፣ ያ ወፍራም ድምፅ ያለው ትልቁ መሣሪያ፣ ሬን ብቻ ይዞ እንዲቆይ አደረጉ። ቅላጼውን ስልካቸው ላይ አስቀድተውኝ፣ ልጆቹ ጣታቸውን ክሩ ላይ ሸርተት እያደረጉ እንዲያመጡት ቀን በቀን አሠሯቸው። «አንድ ጊዜ ደግሞ» ይላሉ። ስንት ጊዜም ቢሆን «አንድ ጊዜ ደግሞ» ነው የሚሉት፣ «እንደገና» ብለው አያውቁም።

በዚያው ሰሞን ስለ አርባ ልጆች ጠየቁኝ። አንብበው ነበር። እኔ በስም ብቻ ነበር የማውቀው። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችን የማርሽ ባንድ ሰምተው፣ አርባዎቹን አዲስ አበባ አመጧቸው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ይባላሉ፣ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን መዝሙር ዜማ የደረሱት እሳቸው ናቸው፤ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። በኋላ የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን መጥተው በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ኦርኬስትራውን አሠለጠኑ። የኛን ዜማዎች ለትልቅ ኦርኬስትራ በኖታ እየጻፉ እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻ አስተማሩ። እኔ አዲስ አበባ በኖርኩባቸው ዓመታት ከአንበሳው ሐውልት ጎን ቆሜ ታክሲ ስጠብቅ በዚያ ቴአትር በር ስንት ጊዜ አልፌያለሁ። ከሌላ አገር መጥቶ የእኛን ልጆች ኖታ ሲያስቆጥር የኖረ ሰው መኖሩን የነገረኝ የሜሪላንድ መምህር ሆነ። «ሥራችን አንድ ነው» አሉኝ ስለ ነርሲስ ሲያወሩ። «የሰው ልጅ ተቀብለህ፣ ወንበር ሰጥተህ፣ አብሮ መተንፈስ ማስተማር።»

በግንቦቱ ኮንሰርት ላይ ነበርኩ። ሺፍቴን ከሁለት ወር በፊት ቀይሬ። ስድስተኛ ክፍሎቹ ትዝታን ጀመሩ። ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ ከኋላ ወንበር አንዲት እናት እልል አለች። ከዚያ ሌላዋ። አዳራሹ ውስጥ ያን ያህል ሐበሻ መኖሩን አላውቅም ነበር። ልጆቹ ደነገጡ፣ አንዳንዶቹ ደጋናቸውን አቆሙ። መምህሩ ግን በግራ እጃቸው «ቀጥሉ፣ ቀጥሉ» እያሉ፣ ፊታቸውን ወደኛ ዞር አድርገው ፈገግ አሉ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት ላሳጥረው። ልጄ ሃይስኩል ገባች፣ ረቡዕ ረቡዕ ግን እየተመለሰች ጀማሪዎቹን ትረዳቸዋለች። መምህሩን አንድ ቀን ቤት ጠርቼ ዶሮ ወጥ ላበላቸው፣ ቡና ላጠጣቸው፣ ፊት ለፊት ላመሰግናቸው አስቤ ነበር። ለፋሲካ አልኩ። ከዚያ ለእንቁጣጣሽ አልኩ። ለገና አልኩ። አስራ አንደኛ ክፍል ላይ እያለች መታመማቸውን ነገረችን። «ሲሻላቸው እንጠራቸዋለን» አልን። እስከ ጥር ድረስ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያስተምሩ ነበር። በየካቲት አረፉ።

ይህ የሚቆጨኝ ነገር ነው፣ ሌላ ስም የለውም። መምህርን ለማመስገን በዓል አትጠብቁ። ዛሬ ማታ ሁለት መስመር ጻፉ፣ በአማርኛም ቢሆን፣ ልጃችሁ ያነብላቸዋል። ለዚህ ግን ልጃችሁን ማስተርጎም ትችላላችሁ። ኮፒውን ደግሞ ለርዕሰ መምህሩ ላኩ። በጀት ሲጠብ ብዙ ጊዜ ቀድመው ከሚነኩት አንዱ ሙዚቃ ነው፣ ያኔ የወላጅ ደብዳቤ ፋይል ውስጥ መኖሩ ዋጋ አለው። የትምህርት ቦርድ ስብሰባ ላይም ወላጅ ተመዝግቦ መናገር ይችላል።

መታሰቢያቸው በትምህርት ቤቱ ጂም ውስጥ ተደረገ። «መሣሪያ ያለው ይዞ ይምጣ» የሚል መልእክት ወጥቶ ነበር። ሰው ይመጣል ብለው አርባ ወንበር ዘርግተዋል። ሰማንያ ያህል ሰው መሣሪያ ይዞ መጣ። አንዱ ከኖርዝ ካሮላይና ሌሊቱን ነድቶ ደርሷል። የሆስፒታል ልብሷን ሳትቀይር ቪዮላ የያዘች ሴት አየሁ። የአውቶቡስ ሾፌር ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ኮንትራባስ አቅፎ ቆሟል። ማንም ሳይነግራቸው በየቦታቸው ተቀመጡ፣ ቫዮሊኖቹ በግራ፣ ቼሎዎቹ በቀኝ። አንዲት ልጅ ሁሉም እንዲቃኙበት ላን ሰጠች። ሰማንያው ሁሉ ያቺን አንድ ድምፅ ፍለጋ ክራቸውን እያጠበቁና እያላሉ ቀረቧት፣ ቀረቧትና ተገናኙ።

ትዝታን ነበር የተጫወቱት። ለካ ከዚያ ዓመት ወዲህ እሳቸው በየዓመቱ ለጀማሪዎች ሲያስተምሩት ኖረዋል፤ ከዚያ በፊት የተመረቁት ግን አያውቁትም ነበርና አንዳንዱ ሳተ፣ አንዳንዱ ዘገየ። ሲያልቅ ጂሙ ፀጥ አለ። ከኋላ አንድ ሰው «አንድ ጊዜ ደግሞ» አለ። ሳቁም ለቅሶውም አብሮ መጣ። ደግመው ተጫወቱት፣ ሁለተኛው ደህና ነበር። የልጄን ኖታ ቀረብ ብዬ አየሁት። የደራሲው ስም የሚጻፍበት ጥግ ላይ በእሳቸው የእርሳስ ጽሑፍ «የኢትዮጵያ የቆየ ዜማ፣ ከአንድ ተማሪ አባት አፍ የተሰማ» ይላል።

አሁን የምናደርገውን ነግሬያችሁ ልጨርስ፣ እናንተም አካባቢ ሊሆን ስለሚችል። ዘጠኝ ሐበሻ ቤተሰቦች ሆነን እንደ ዕድር በየወሩ አስር አስር ዶላር እናዋጣለን። ገንዘቡ በትምህርት ቤቱ የወላጆች ማኅበር በኩል ያልፋል፣ በእጅ መስጠት ጥያቄ ያመጣል። መጀመሪያ ቫዮሊን ልንገዛ ነበር፣ አዲሷን መምህርት ስንጠይቃት ግን «ቫዮሊን ሁሉም ያመጣል፣ የሚቸግረኝ ቪዮላና ቼሎ ነው» አለችን። ስለዚህ ሳትጠይቁ እቃ አትግዙ። ያገለገለ መሣሪያ ስትቀበሉም ከመለገሳችሁ በፊት ለሚጠግን ባለሙያ አሳዩት። የተሰነጠቀ ቼሎ ማሳደስ አንዳንዴ ከዋጋው ይበልጣል።

የመጨረሻው ልጃችን በዚህ መስከረም ስድስተኛ ክፍል ገባ። ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ ከላይ እስከታች አነበብኩት፣ የኮንሰርቶቹን ቀን መዘገብኩ። ቪዮላ መረጠ። ቅዳሜ ሁላችንም ሙዚቃ ሱቅ ሄድን። ሻጩ ባለ አስራ አራት ኢንቹን አመጣ። እህቱ ተቀብላ አንገቱ ሥር አስቀመጠችለት፣ ግራ እጁን አዘረጋችው፣ መዳፉ ከጥምዙ ጫፍ ላይ መድረሱን ጎንበስ ብላ አየች። ክርኑ ቀጥ ብሎ ተወጥሯል።

«ገና ነው» አለች። «አስራ ሦስቱን አምጡልን።»